ለአሮጌ ኮምፒውተር ርካሽ ግራፊክስ ካርድ መምረጥ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«የትኛው ካርድ ይሻላል?» ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው ሁልጊዜ የምመልስለት በጥያቄ ነው፦ «የኮምፒውተሩን ጎን ከፍተህ ፓወር ሰፕላዩ (ለኮምፒውተሩ ክፍሎች ኃይል የሚያቀርበው ሳጥን) ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ አንብበሃል?» ለጓደኞቼና ለዘመዶቼ ካርድ ስገጥም ያየሁት አብዛኛው ኪሳራ የደረሰው ጥሩ ካርድ በገዙ ሰዎች ላይ ነው። ካርዱ ጥሩ ነበር፤ ማሽኑ ግን ሊሸከመው አልቻለም። እዚህ የሰበሰብኳቸው መልሶች በተለይ የውጭ አገር ቢሮዎች ተገልግለውባቸው ወደ አገራችን የገቡትን የዴልና የኤችፒ ዴስክቶፖች ለያዙ ሰዎች ይጠቅማሉ። ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ትውልድ ያለ ኢንቴል ኮር አይ5 ፕሮሰሰር ያላቸውን ማለቴ ነው።

ኮምፒውተሬ ግራፊክስ ካርድ ይቀበል እንደሆነ በምን አውቃለሁ?

ላፕቶፕ ከሆነ አይቀበልም። ዴስክቶፕ ከሆነ ጎኑን ይክፈቱና ማዘርቦርዱ ላይ ረጅሙን ማስገቢያ ይፈልጉ፤ ፒሲአይ ኤክስፕረስ ኤክስ16 የሚባለው እርሱ ነው። መጽሐፍ የሚያክሉት ትንንሽ ሞዴሎች ይህ ማስገቢያ ስለሌላቸው ለእነርሱ ካርድ መፈለግ ከንቱ ድካም ነው።

ቀጥሎ የሚታየው የኬዙ ስፋት ነው። ትልቁ ታወር ሙሉ ቁመት ያለውን ካርድ ይቀበላል። ቀጭኑ ሞዴል ግን የሚይዘው «ሎው ፕሮፋይል» የሚባለውን አጭር ካርድ ብቻ ሲሆን ካርዱን ከኬዙ ጋር የሚያስረው ብረትም አጭሩ መሆን አለበት። ያገለገለ ካርድ ሲሸጥ ይህ አጭር ብረት ብዙ ጊዜ ጠፍቶ ይገኛል፤ ከመክፈልዎ በፊት ይጠይቁ። በአንዳንድ ቀጭን ሞዴሎች ደግሞ ረጅሙ ማስገቢያ ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ተጠጋግቶ ስለሚገኝ ማራገቢያው ወፍራም የሆነ ካርድ አይገባም። ማስመሪያ ይዘው ርዝመቱንም ውፍረቱንም ይለኩ። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ሥራ ነው።

ፓወር ሰፕላዬ ስንት ዋት ቢሆን ይበቃል?

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሊሰጠው የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ካርዱ የተሰካበት ማስገቢያ ራሱ ከማዘርቦርዱ እስከ 75 ዋት ያቀብለዋል። ከዚያ በላይ የሚፈልግ ካርድ ከፓወር ሰፕላዩ በቀጥታ የሚመጣ ተጨማሪ ገመድ ይጠይቃል፤ ባለ ስድስት ቀዳዳው ገመድ 75 ዋት፣ ባለ ስምንቱ ደግሞ 150 ዋት ይጨምራል። ስለዚህ አንድን ካርድ ሲመለከቱ መጀመሪያ ዓይንዎ ማረፍ ያለበት ጠርዙ ላይ የገመድ መሰኪያ መኖሩና አለመኖሩ ላይ ነው።

አሁን የቢሮ ኮምፒውተሮቹን እንያቸው። የዴል ኦፕቲፕሌክስ 7020 እና 9020 ታወሮች ይዘው የመጡት 290 ዋት ፓወር ሰፕላይ ነው፤ ቀጭኖቹ 255 ዋት አላቸው። የኤችፒ ኤሊትዴስክ 800 ጂ1 ቀጭኑ ሞዴል 240 ዋት ነው። ለቢሮ ሥራ ስለተሠሩ ለግራፊክስ ካርድ የሚሆን ተጨማሪ ገመድ የላቸውም። በውስጣቸው ያለው እንደ ኮር አይ5-4570 ያለ ፕሮሰሰር 84 ዋት የተመደበለት ነው። ይህንን ከ75 ዋት ካርድና ከአንድ ሃርድ ዲስክ ጋር ቢደምሩት 290 ዋት በምቾት ይሸከመዋል። እንደ 185 ዋቱ የኤኤምዲ አርኤክስ 580 ያለ ካርድ ግን በምንም መንገድ አይሞከርም።

«ፓወር ሰፕላዩን ብቀይረውስ?» የሚሉኝ አሉ። በተራ ማዘርቦርድ ላይ ቀላል ነው። በዴሎቹና በኤችፒዎቹ ላይ ግን ወደ ማዘርቦርዱ የሚገባው ገመድ አምራቾቹ ለራሳቸው የሠሩት ስለሆነ የተለመደው ባለ 24 ቀዳዳ አይገባም። ከ24 ወደ 8 ወይም ወደ 6 የሚቀይር ልዩ መቀየሪያ ገመድ ያስፈልጋል። ቀጭኑ ኬዝ ውስጥ ደግሞ መደበኛው ፓወር ሰፕላይ መግቢያ ቦታ እንኳ የለውም።

ገመድ የለኝም ብለው ከሃርድ ዲስክ የሳታ ገመድ ወደ ስድስት ቀዳዳ የሚቀይረውን ርካሽ መቀየሪያ እንዳይገዙ አጥብቄ እለምናለሁ። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ ሊሸከም የተሠራው 54 ዋት ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ሲጫኑት ፕላስቲኩ ይቀልጣል፤ ቀልጦም አይቻለሁ። ክፍሉን የሞላውን ሽታ እስካሁን አልረሳሁትም።

ሌላው ስም የለሹ «500 ዋት» ነው። ሲያነሱት እንደ ባዶ ቆርቆሮ የሚቀል ፓወር ሰፕላይ ላይ የተጻፈ ቁጥር አይታመንም። ተለጣፊው ላይ የ12 ቮልቱን መስመር አምፔር ያንብቡ፤ አምፔሩን በ12 ያባዙት። የሚያገኙት ቁጥር ከተጻፈው 500 በጣም ካነሰ ያ ፓወር ሰፕላይ ለካርድ የሚሆን አይደለም።

እሺ፣ የትኛውን ልግዛ?

ተጨማሪ ገመድ የሌለው የቢሮ ኮምፒውተር ለያዘ ሰው የእኔ የመጀመሪያ ምርጫ የኤንቪዲያው ጂቲኤክስ 1650 ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) የወጣ ባለ 4 ጊጋባይት፣ 75 ዋት ካርድ ነው፤ አጭሩ ዓይነትም ይገኛል። አንዳንድ አምራቾች የስድስት ቀዳዳ መሰኪያ የጨመሩበት 1650 ስላለ ፎቶውን አይተው ይግዙ።

ከእርሱ የሚቀድመው ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ በ2016 የወጣ ሲሆን እርሱም 4 ጊጋባይትና 75 ዋት ነው። በዋጋ ብዙ ከቀነሰ አይናቅም። የ2014ቱ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ 60 ዋት ብቻ ይበቃዋል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ሜሞሪው 2 ጊጋባይት ስለሆነ የምመክረው ለቆዩ ጨዋታዎች ብቻ ነው።

ገንዘብ የሚጨምር ሰው አርቲኤክስ 3050 ባለ 6 ጊጋባይቱን ይመልከት። በ2024 መጀመሪያ የወጣው ይህ ካርድ 70 ዋት ስለሚበቃው ያለ ተጨማሪ ገመድ ይሠራል። እዚህ ላይ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ ባለ 8 ጊጋባይቱ 3050 ስሙ ተመሳሳይ ሆኖ 130 ዋት የሚፈልግና ተጨማሪ ገመድ የሚጠይቅ ሌላ ካርድ ነው። ሻጩ «3050» ብቻ ካለዎት የትኛው እንደሆነ ሳያጣሩ አይክፈሉ።

አርኤክስ 6400ን በተመለከተ ስሜቴ የተደባለቀ ነው። 53 ዋት ብቻ ይበላል፤ አጭርና ቀጭን ስለሆነ ለጠባብ ኬዝ የተፈጠረ ይመስላል። ሆኖም ከማዘርቦርዱ ጋር የሚነጋገረው በአራት መስመር ብቻ ሲሆን የታሰበውም ለፒሲአይ ኤክስፕረስ አራተኛ ትውልድ ነው። የእኛ አሮጌ ማሽኖች ሦስተኛው ትውልድ ላይ፣ ሁለተኛው ትውልድ ኮር አይ5 ያላቸው ደግሞ ከዚያም በታች ናቸው። እያንዳንዱ ትውልድ ወደኋላ ሲሄድ ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። የካርዱ ሜሞሪ ሞልቶ ከራም መበደር ሲጀምር ጨዋታው የሚንቀጠቀጠው በዚህ ምክንያት ነው። በተጨማሪም ቪዲዮ የሚቀርጽበት ክፍል አልተሠራለትም፤ ጨዋታውን እየቀረጸ በኢንተርኔት ማሳየት ለሚፈልግ ሰው አይሆንም። ሌላ ካርድ የማይገባበት ጠባብ ኬዝ ካለዎት ይግዙት። ካልሆነ 1650 ይሻላል።

ተጨማሪ ገመድ ያለው ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ላለው ሰው በሩ ሰፊ ነው፦ ጂቲኤክስ 1650 ሱፐር በ100 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር በ125 ዋትና በ6 ጊጋባይት፣ አርኤክስ 6600 በ132 ዋትና በ8 ጊጋባይት። በአራተኛ ትውልድ ፕሮሰሰር ላይ ከ6600 በላይ መግዛትን አልመክርም። የኢንቴል አርክ ካርዶችን ደግሞ ለእነዚህ ማሽኖች ፈጽሞ አያስቧቸው። በአሮጌ ማዘርቦርዶች ላይ የማይገኝ «ሪሳይዘብል ባር» የሚባል አሠራር ካልበራላቸው ጉልበታቸው በጣም ይወርዳል።

ሻጩ «ይሄ 4 ጊጋ ነው» አለኝ። ሜሞሪው ትልቅ ከሆነ ካርዱ ጥሩ ነው ማለት አይደለም?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሞኘው እዚህ ላይ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ጂቲ 730 በየሱቁ አለ፤ ባለ 2 ጊጋባይቱ ጂቲኤክስ 750 ቲአይ ግን በጨዋታ አስከንድቶት ይሄዳል። ትልቅ ጎተራ ጠባብ በር ካለው እህሉን ቶሎ ማውጣት አይቻልም። የካርድ ሜሞሪም እንደዚያው ነው፤ ከመጠኑ ጋር ፍጥነቱ ይታያል።

ጂቲ 1030 ጥሩ ማሳያ ነው። በ2017 ሲወጣ ጂዲዲአር5 ሜሞሪ ነበረው፤ በሰከንድ 48 ጊጋባይት ያህል ያስተላልፍ ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በዚያው ስም፣ በተመሳሳይ ካርቶን ዲዲአር4 ያለው መጣ፤ የዚህኛው ፍጥነት ወደ 17 ጊጋባይት ወረደ። ስሙ አንድ ነው፤ ካርዱ ሌላ። ስለዚህ «ዲዲአር3» ወይም «ዲዲአር4» የተጻፈበትን ካርድ ለጨዋታ አይግዙ። ፊቱ ላይ «ጂ» ያለበትን፣ ጂዲዲአር5 ወይም ጂዲዲአር6 የሚለውን ይፈልጉ።

ያገለገለ ካርድ መግዛት ያሰጋል?

ያሰጋል፤ ግን እኔ ራሴ የምገዛው ያገለገለ ነው። ማወቅ የሚገባው ምን መፈተሽ እንዳለበት ነው።

የመጀመሪያው አደጋ የውሸት ካርድ ነው። እንደ ጂቲኤክስ 550 ቲአይ ያሉ የ2010 እና የ2011 ቺፖች በውስጣቸው ያለው ሶፍትዌር ተቀይሮ «1050 ቲአይ» ተብለው ይሸጣሉ። ዊንዶውስ ላይ ሲታዩ ስማቸው 1050 ቲአይ ነው የሚለው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም በፍላሽ ይዘው ይሂዱና ሻጩ ፊት ይክፈቱት፤ አብዛኞቹን የውሸት ካርዶች ለይቶ ይናገራል። ሌላም ምልክት አለ፦ የ1050 ቲአይ ቺፕ የድሮውን ሰማያዊ ቪጂኤ ሶኬት የሚያሠራ ክፍል የለውም። «1050 ቲአይ» ተብሎ ቪጂኤ ሶኬት ያለው ካርድ ካዩ ብርቱ ጥርጣሬ ይግባዎት።

አርኤክስ 580 ሲገዙ ደግሞ ጂፒዩ-ዚ ላይ የሼደሮቹን (የካርዱን ትንንሽ ማስሊያ ክፍሎች) ቁጥር ያንብቡ። እውነተኛው 2304 ይላል። 2048 ካለ ስሙ 580 ይሁን እንጂ ጉልበቱ የታናሹ የአርኤክስ 570 ነው፤ ዋጋውም የ570 መሆን አለበት።

ሁለተኛው የክሪፕቶ ማዕድን ሥራ ነው። ኢቴሪየም የተባለው ዲጂታል ገንዘብ እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2022 በግራፊክስ ካርድ መቆፈርን ሲያስቀር እጅግ ብዙ ካርዶች ወደ ገበያ ወጡ። ባለ 8 ጊጋባይቶቹ 570 እና 580 ከእነዚህ መካከል ብዙ ናቸው። ለማዕድን የሠራ ካርድ ሁሉ የሞተ አይደለም። ብዙውን ጊዜ የደከመው ማራገቢያውና ቺፑ ላይ የተቀባው ቅባት ነው፤ ሁለቱም ይቀየራሉ። የሚያሰጋው ሜሞሪው ነው። ስለዚህ ዩኒጂን ሄቨን የሚባለውን የካርድ መፈተሻ ፕሮግራም ወይም አንድ ከባድ ጨዋታ ለሃያ ደቂቃ ያህል እንዲያስኬዱልዎ ይጠይቁ። ባለቀለም ነጠብጣብ፣ መስመር፣ ብልጭታ ካዩ ወይም ሙቀቱ 85 ዲግሪ አልፎ መውጣቱን ከቀጠለ ትተውት ይሂዱ። «መብራት የለም፣ ቤትህ ሞክረው» ከሚል ሻጭ ጋር አልዋዋልም። ደላላው የቱንም ያህል ቢምል ካርዱ ሲሠራ ሳላይ ገንዘብ አልሰጥም።

ፕሮሰሰሬ አሮጌ ስለሆነ ካርዱ አይባክንም?

በሚጫወቱት ጨዋታ ይወሰናል። በ2015 ለኮምፒውተር የወጣው ጂቲኤ 5 የሚመክረው ካርድ ባለ 2 ጊጋባይት ጂቲኤክስ 660 ነበር፤ ኮር አይ5-4570 ከ1650 ጋር በደንብ ያጫውተዋል። ብዙ ሰው የሚፈልገው የእግር ኳስ ጨዋታም ቢሆን ኤፍሲ 24 በዝቅተኛው መስፈርት የሚጠይቀው ካርድ 1050 ቲአይ ነው። እንደ ካውንተር ስትራይክ 2 ያሉት ግን ፕሮሰሰሩን ነው የሚያስጨንቁት።

በግምት ከመናገር መለካት ይሻላል። ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም እየተጫወቱ የካርዱን አጠቃቀም ይዩ። ካርዱ 95 በመቶና ከዚያ በላይ እየሠራ ከሆነ ካርዱ ነው የተጨናነቀው፤ የተሻለ ካርድ ይጠቅምዎታል። ካርዱ 50 እና 60 በመቶ ላይ ተቀምጦ ጨዋታው ከተንቀጠቀጠ ግን የዘገየው ፕሮሰሰሩ ወይም ራሙ ነው። ያን ጊዜ በአራተኛ ትውልድ ማዘርቦርድ ላይ የሚገባውን ኮር አይ7-4790 ያገለገለውን ፈልጎ መቀየር፣ አንድ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ብቻ ካለዎትም አብሮት ሌላ አንድ መጨመር ከአዲስ ካርድ የበለጠ ለውጥ ያመጣል። ሁለት ራም ጎን ለጎን ሲሠሩ የሚያስገኙትን ልዩነት ብዙ ሰው ይንቀዋል፤ ያሳዝነኛል።

ካርዱን ገጠምኩት፤ ሞኒተሩ ግን ጨለማ ነው። ተበላሽቷል?

አብዛኛውን ጊዜ አልተበላሸም። በመጀመሪያ የሞኒተሩን ገመድ የት እንደሰኩት ይዩ፤ በማዘርቦርዱ የድሮ ሶኬት ላይ ከሆነ አውጥተው ካርዱ ላይ ይሰኩት። ቀጥሎ ካርዱ ማስገቢያው ውስጥ «ቀጭ» እስኪል መግባቱን ያረጋግጡ።

ሞኒተርዎ ቪጂኤ ብቻ ካለው ሌላ ጣጣ አለ። ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ የኤንቪዲያ ካርዶች ለቪጂኤ የሚሆን ምልክት አያወጡም። ዲቪአይ ሶኬት ላይ የሚሰካው ቀላሉ መቀየሪያም አይሠራም። የሚያስፈልገው በውስጡ ቺፕ ያለው ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር መሣሪያ ነው። ዋጋው ትንሽ ነው፤ አስቀድሞ አለመግዛት ግን አንድ ቀን ያስለቅሳል።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ካልበራ የማዘርቦርዱ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ መጀመሪያ የሚሠራው ሶፍትዌር) ያረጀ ሊሆን ይችላል። ካርዱን አውጥተው በድሮው ማሳያ ያስነሡት፤ ባዮሱን ከአምራቹ ድረ ገጽ ያድሱና የማስነሻ አሠራሩን ዩኢኤፍአይ ወደሚባለው አዲሱ አሠራር ይቀይሩ። ዊንዶውሱ በድሮው አሠራር የተጫነ ከሆነ እንደገና መጫን ሊያስፈልግ ስለሚችል ፋይሎችዎን አስቀድመው ይቅዱ። ባዮስ ሲያድሱ መብራት ከጠፋ ማዘርቦርዱ ሊሞት ይችላልና ያለ ዩፒኤስ አይሞክሩት።

ወንድሜ አዲስ አበባ ነው፤ እኔ አሜሪካ ነኝ። ካርድ ልልክለት አስቤያለሁ። ምን ልጠንቀቅ?

ካርዱን ከመምረጥዎ በፊት ሁለት ፎቶ ይላክልዎ፦ አንድ የፓወር ሰፕላዩ ተለጣፊ፣ አንድ ጎኑ የተከፈተው ኬዝ። በእነዚህ ብቻ ከስህተቱ አብዛኛው ይቀራል። አጭር ኬዝ ከሆነ አጭሩ ብረት በካርቶኑ ውስጥ መኖሩን ያረጋግጡ። ከተቻለ መመለሻ ቀኑ ሳያልፍ እዚያው ኮምፒውተር ላይ አስነሥተው ያዩት፤ እዚህ ከደረሰ በኋላ መመለስ የለም።

ካርዱ ራሱ የሚሠራው በ12 ቮልት ስለሆነ የአሜሪካና የኢትዮጵያ መብራት ልዩነት አይመለከተውም። ሙሉ ኮምፒውተር ወይም ፓወር ሰፕላይ የሚልኩ ከሆነ ግን ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ መቀየሪያ ካለ ወደ 230 ሳያዞሩ እንዳይሰካ በጽሑፍ ያሳውቁ። በ115 ላይ ሆኖ በእኛ 220 ቮልት ከተሰካ በዚያችው ቅጽበት ይፈነዳል።

የድሮ ካርድ ብገዛ ለምን ያህል ጊዜ ይቆይልኛል?

እዚህ ላይ ነው 1650ን ከ1050 ቲአይ አብልጬ የምወድበት ምክንያት። ኤንቪዲያ ለማክስዌልና ለፓስካል ትውልዶች፣ ማለትም ለ750 ቲአይ፣ ለ900 እና ለ10 ተከታታይ ካርዶች፣ አዳዲስ ጨዋታዎችን እየተከተለ የሚያወጣውን ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራ ሶፍትዌር) እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 አቁሟል። የደህንነት ማስተካከያ እስከ 2028 ይቀጥላል። 1650 ከእነርሱ በኋላ የመጣው የቱሪንግ ትውልድ ስለሆነ በዚህ ውሳኔ አልተካተተም። የነበሩዎት ጨዋታዎች በ1050 ቲአይ መሥራታቸውን አያቆሙም፤ ነገ የሚወጣው ጨዋታ ግን ዋስትና የለውም።

ሙቀቱና መብራቱስ?

አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ በባሕር ዳርቻ ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ በመሆኑ ማራገቢያው በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚወስደው ሙቀት ያነሰ ነው። ቀዝቃዛው አየራችን ይክሰዋል፤ አቧራው ግን መልሶ ይነጥቀናል። በየሦስት ወሩ ኬዙን ከፍተው በለስላሳ ብሩሽ ያጽዱት፤ ሲያጸዱ ማራገቢያውን በጣት ይዘው እንጂ እየዞረ አይሁን። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ የሚመጣው ከፍ ያለ ኃይል ካርድንም ማዘርቦርድንም ይገድላል። ለካርድ የመደቡት ገንዘብ ስታብላይዘር የማይተርፍለት ከሆነ አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ ካርድ ይግዙና ስታብላይዘሩን ይጨምሩበት።

ለምን ዋጋ አልጻፉም?

የብር ምንዛሪ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2024 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በፍጥነት ይለዋወጣል፤ ዛሬ የምጽፈው ቁጥር በሚቀጥለው ወር ሰው ያሳስታል። ቢያንስ ሦስት ቦታ ይጠይቁ፤ የ1650ን ዋጋ መነሻ አድርገው ሌሎቹን ከእርሱ ጋር ያወዳድሩ። 1050 ቲአይ ከ1650 ዋጋ ሁለት ሦስተኛ በላይ ከተባለ አልገዛውም።

ካርድ ባልገዛ የሚሻለኝ መቼ ነው?

ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ትውልድ ኮር አይ3፣ 4 ጊጋባይት ራምና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ብቻ ያለው ከሆነ። ያን ጊዜ የካርዱን ገንዘብ ያስቀምጡት፤ ትንሽ ጨምረው ስምንተኛ ትውልድ ኮር አይ5 ያለው ያገለገለ ታወር ይፈልጉ። እንዲህ ያለው ባለ ስድስት ኮር ነው፤ ዊንዶውስ 11ንም በይፋ ይቀበላል። ሲገዙት ግን ትልቁን ታወር ይምረጡ፤ ቀጭኑን ርካሽ ነው ብለው አይውሰዱ።